ለአራት የምንሸከመው መስታወት

እማዬ፣ እንዴት ነሽልኝ? ወገብሽስ? ጉልበትሽ ደረጃ ያስወጣሻል ወይ? ሳሉስ ተወሽ? ከሁሉ በላይ የአባዬ ዓይን እንዴት ሆነ? «ሐኪሙ ከሁለት ወር በኋላ ምንም አያይም ብሏል» ብላ እህቴ መልእክት ከላከችብኝ ጀምሮ እህል አልዋጥ ብሎኛል። እኔማ አለት ነኝ፤ ልጅሽን ምን ይነካዋል!

ወደ ሀገር መምጣቴ ግን ተበላሽቷል እማ። ያበላሸሁትም በገዛ አፌ ነው፤ አትቆጪኝ።

ፋብሪካችን የመስኮት መስታወት እንደሚቆርጥ ታውቂያለሽ። ትልቁን ለአራት ነው የምንሸከመው። ጋሽ ሚዛን የምንላቸው ሽማግሌ ከፊት ሆነው «ሆ!» ሲሉ አራታችንም እኩል እግር እናነሳለን። አንዱ ከቀደመ መስታወቱ አለቀለት። ዓመቱን ሙሉ አንድም አልሰበርንም። ባለፈው ወር ታዲያ አለቃው ሰው ሰብስቦ «ምርጥ ቡድን» ብሎ ሸለመን። ሰርተፊኬቱ አንድ፣ እኛ አራት! እኔ ደሞ ዝም አልልም፤ ማይኩን ነጠቅ አድርጌ «እኔ ባልኖር እነዚህ ሦስቱ የሻይ ብርጭቆም አያነሱም!» አልኩ። ሰው በሳቅ ፈረሰ።

በሳምንቱ የአባዬን ነገር ነግሬ ፈቃድ ስጠይቅ አለቃው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ያለ አንተ ብርጭቆ አያነሱም አላልክም? የያዝነው ትዕዛዝ ሳያልቅ ንቅንቅ የለም።» የሚያልቀው ከአራት ወር በኋላ ነው። ፓስፖርቴም እሱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ዘዴ አላጣም ብዬ ሦስቱን ለመንኩ። ነገ አለቃው እያየ ለሦስት ተሸከሙና ትርፍ መሆኔን ይወቅ አልኳቸው። እኔ! ትርፍ ነኝ አልኩ፣ እማ! ሁለቱ እሺ ሊሉ ነበር። ጋሽ ሚዛን ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስማ አንተ ጉረኛ፣ እኔ ስገባ ይሄን መስታወት ለስምንት ነበር የምንሸከመው። አንድ ቀን ሁለት ሰው ታመመና ለስድስት ተሸከምን። አጨበጨቡልን፣ ኮፍያ ሰጡን፤ በዚያው ለስድስት ሆኖ ቀረ። ለአራት የሆነውም ተጨብጭቦልን ነው። ነገ ለሦስት ብንሸከም አንተ ትሄዳለህ፣ የኛ ወገብ ግን እዚሁ ይቆረጣል» አሉኝ። ልመናዬን ተውኩት። እውነታቸውን ነዋ!

ይኸው ወደ አለቃው ስል አፌ፣ ወደ ጓደኞቼ ስል ወገባቸው ይዞኝ አልጋዬ ላይ ተጎልቻለሁ።

እህቴን ለአባዬ ጠብታውን ሰዓቱን ጠብቃ ታድርግለት በያት። ታናሽ ወንድሜን ሳሚልኝ፤ ጫማዬን እንዳይነካ! አክስቴን ከነሳቋ ሰላም በይልኝ።

አባዬን «ይደርሳል» እያላችሁ አትሸንግሉት። የተሸለምን ቀን የተነሳነውን ፎቶ ልኬያለሁ፤ በረንዳው ላይ ብርሃን ሲሆን አሳዪው። የራሴን ብቻ ቆርጬ ልልክለት ነበር። ግን የጋሽ ሚዛን እጅ ትከሻዬ ላይ ነው፤ እሳቸውን ስቆርጥ ትከሻዬም አብሮ ሊሄድ ሆነ። አራታችንንም ይየን።

ልጅሽ
ከፋብሪካው ማደሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
የካቲት ፱ ቀን