ያላንተ የመረጥኩበት ቀን

ናስሬ፣ የኔ ሰው፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። አላህ በሰፊው ራሕመቱ ይቀበልህ። እኔ ጉልበቴን ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ። ሰሚራችን ከአዲስ አበባ በየጁምዓው ትደውላለች፤ ከልጅህ ስልክ ሌላ በዚህ ቤት ውስጥ ድምፅ የሚባል የለም። ዜና ሲጀምር ሬዲዮህን እከፍተዋለሁ፤ እንዳንተ የሚከራከረው ሰው ስለሌለ መልሼ እዘጋዋለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን የምነግርህ ነገር ስላለኝ ነው። የክልሉ ምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ። ያ ሁሉ ዓመት የለፋህለት ፓርቲህ ተሸነፈ።

ድሮ ምርጫ በመጣ ቁጥር አብረን ነበር የምንሄደው። ጊንጆ ሰፈር ካለው ቤታችን ምርጫ እስከሚካሄድበት ትምህርት ቤት በእግር ነው፤ አንተ የፓርቲው የቀበሌ ተጠሪ ስለነበርክ በየበሩ ሰላምታ ትለዋወጣለህ፣ እኔ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። ምርጫ ጣቢያው ስንደርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለህ «ምልክቱን አልረሳሽም አይደል?» ትለኝ ነበር። አልረሳሁም እልሃለሁ፤ ያልከኝ ላይ ምልክት አድርጌ እወጣለሁ። ቅር ይለኝ እንደሆነ ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ እኔም ነግሬህ አላውቅም።

ዘንድሮ ብቻዬን ሄድኩ። እያካፋ ነበር፣ ሰልፉም ረጅም። ጣቴን ቀለም ቀቡኝ፣ ወረቀቱን ሰጡኝ። መጋረጃው ውስጥ ገብቼ ስዘረጋው ያንተ ምልክት ወዲያው ታየኝ፤ እጄም በልማድ ወደዚያው ሄደ። ከዚያ ቆመ።

ሆስፒታል የተኛህበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ዕድሜህን ሙሉ ከሮጥክላቸው የፓርቲ ጓደኞችህ አንድም ሰው ብቅ አላለም። ከአጋሮ በየቀኑ በሚኒባስ የሚመላለሰው ታናሽ ወንድምህ ነበር፤ ለሌላኛው ፓርቲ ይሠራል ብለህ ስንት ዓመት ያኮረፍከው ከድር። የመጀመሪያ ቀን ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክበት። በሦስተኛው ቀን የላጠልህን ብርቱካን በላህለት። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

የከድርን ፓርቲ መረጥኩ፣ ናስሬ። ፖለቲካውን ካንተ በላይ አውቄ አይደለም። አንተ ብትኖር እንዲህ አደርግ ነበር ወይ ብትለኝ፣ አላውቅም። ወረቀቱን አጥፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ስወጣ የምትጠብቀኝ መስሎኝ በሩ ላይ ዞር ዞር ብዬ አየሁ።

ውጤቱ ሲነገር ከተማው በጥሩምባ ተናወጠ። ባጃጆቹ ባንዲራ ሰቅለው ሲመላለሱ ዋሉ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መንገድ ላይ ነበር። እኔ በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የመረጥኩት አሸነፈ፤ ደስታዬን ለማን ልናገር? ላኩርፍስ ብል ማን ያባብለኛል?

በማግስቱ ከድር መጣ። ሊፎክር ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ሻይ አቀረብኩለት፤ ብርጭቆውን ይዞ ሳይጠጣው ቆየ።

«ሰዓዳ፣» አለኝ፣ «ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቀን መጣ። ከትናንት ጀምሮ ስልኬን እያነሳሁ ልደውል እላለሁ።»

«ለማን?»

«ለናስር ነዋ። ልስቅበት ነበር።»

ከዚያ ያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «ወላሂ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለ። አብረን አለቀስን። ማንን እንደመረጥኩ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ተውኩት። መጀመሪያ መስማት ያለብህ አንተ ነህ አልኩ።

ይኸው ነገርኩህ። ሌላው ሰው ስለ ፓርቲህ የፈለገውን ያውራ፤ እኔ ግን በዝናብ ጃኬቱን አውልቆ ያለብሰኝ የነበረውን ሰውዬ፣ እስትንፋሴ እስካለ ድረስ፣ በየሶላቴ አስበዋለሁ። በመረጥኩት ከተቆጣህም ተቆጣ፣ ናስሬ። ቁጣህም ናፍቆኛል።

ሰዓዳህ