አየር ላይ ስለቀረው መወጣጫ ለማዘጋጃ ቤታችን የቀረበ ምስጋና

ጥቅምት 3 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ትዕዛዙ ወንድምአገኝ
የጉም አምባ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ባለ ሁለት ጋቢናዋ መኪናዎም ጭምር እንደምን ሰነበታችሁ? በተለይ ጉልበትዎና ቁርጭምጭሚትዎ ደኅና መሆናቸውን ለማወቅ እጓጓለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ያገኙታል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ከወገቤ በታች እንደ ድሮዬ ነኝ፤ ከወገቤ በላይ ደግሞ በመሥሪያ ቤትዎ መልካም ትብብር ቀኝ እጄ ተሰብሮ በሸምበቆ ታስሯል። ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድብዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤውን በመዝገብ ቤትዎ በኩል ያላስገባሁት መዝገብ ቤቱ ፎቅ ላይ ስለሆነ ነው። በገበያው መኪና ማቆሚያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁና አላፊ አግዳሚው ከእርስዎ ቀድሞ ቢያነበው እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

ከሥራ ብዛት ረስተውኝ ከሆነ፣ እኔ ዓምደ ሚካኤል ተገኘ ነኝ። የቅኔ ተማሪ ሳለሁ እግሮቼን በሽታ ይዞ አስቀራቸው፤ ከዚያ ወዲህ በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ እየሄድኩ፣ በመኪና ማቆሚያው ዙሪያ ካሉት ሱቆች በረንዳ ላይ ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። የመሬቱን፣ የፍቺውን፣ የጡረታውን፣ የጠፋውን በግ ሁሉ ጽፌያለሁ። እርስዎ አሥረኛ ክፍል ጨርሰው የመንግሥት ሥራ ሲጠይቁ ያስገቡትን የመጀመሪያ ማመልከቻ የጻፈውም ይኸው አሁን የተሰበረው እጅ ነው። «ትጉህና ለሕዝብ አሳቢ ወጣት» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ይህን ውሸቴን ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ እሳቸውም ስግደት እንደማልችል አይተው ቀኖናውን በጾም ለወጡልኝ፤ እነሆ አሁንም እየጾምኩ ነው።

እንግዲህ ስለተደረገልኝ ነገር ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ በጀቱ አመሰግናለሁ። መኪና ማቆሚያው ለአካል ጉዳተኛ ምቹ ይሁን፣ ከጭቃው ወደ በረንዳው የሚያደርስ መወጣጫ ይሠራ ተብሎ ከበላይ አካል ገንዘብ የመጣው በጥር ነበር። ጥር፣ የካቲት፣ መጋቢት፣ ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ መሬቱ ደርቆ ግንበኛው ሥራ ፈትቶ ሲያዛጋ፣ ገንዘቡ በካዝና ውስጥ በሰላም አረፈ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጀምር ግን ያልተሠራበት በጀት ሰኔ ሠላሳ ቀን ተመላሽ እንደሚሆን ትዝ አለዎት፤ ያን ጊዜ ያሳዩት ቅልጥፍና የሚደነቅ ነው። በግልጽነት መርሕዎ መሠረት ዝርዝሩን ራስዎ በሰሌዳው ላይ ስላስለጠፉልን ሁላችንም አንብበናል። ሰባት የመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኞች ስለ መወጣጫ ልምድ ለመቅሰም ሐይቅ ዳር ወዳለ ከተማ ሄደዋል፤ በፎቶግራፉ እንደሚታየው ልምዱን የቀሰሙት ጀልባ ላይ ተቀምጠው ነው፤ እርግጥ ጀልባ ደረጃ የለውም። ከዚያ ድንኳን፣ ባነር፣ ቲሸርትና ኮፍያ፣ ሦስት ሙክት። ለድንጋይና ለሲሚንቶ የተረፈው ከሙክቶቹ ዋጋ ብዙም አይርቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ለአካል ጉዳተኞች መብት ግንዛቤ ማስጨበጫ ሥልጠና ስለጠሩኝ አመሰግናለሁ። ሥልጠናው የተሰጠው በማዘጋጃ ቤቱ ፎቅ አዳራሽ ነው። ሃያ ሁለት ደረጃ አለው፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ከሥር ሆኖ ከመቁጠር በቀር የሚሠራ አልነበረኝምና። ሁለት ቀን ሙሉ ዝናብ እየመታኝ ከመስኮቱ የሚወርደውን ድምፅ አዳመጥኩ። ስለ እኔ ብዙ ጥሩ ነገር ተብሏል። በተሳታፊዎች ዝርዝር ላይ ከስሜ አንጻር ፊርማ አለ፤ የፈረመልኝ ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም የእጅ ጽሑፉ ያምራል፣ ባለሙያ ነኝና ይህን እመሰክራለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ መወጣጫው ራሱ አመሰግናለሁ። ግንበኞቹ ደኅና ሰዎች ናቸው፤ ከጭቃው ተነስተው ድንጋዩን እየካቡ በቀጥታ ወደ በረንዳው ሲያቀኑ ደስ እያለኝ አይቻቸዋለሁ። እኩሌታውን እንዳለፉ ግን የክብር እንግዳው ሰኔ ሃያ ዘጠኝ ለምረቃ እንደሚመጡ ተሰማ። እንግዳ ያለ መድረክ አይሆንም፤ የእንግዳ ጫማም ጭቃ ሊነካው አይገባም። ስለዚህ እርስዎ ጃንጥላ ተይዞልዎ ቆመው፣ መወጣጫው ወደ በረንዳው መሄዱን ትቶ ወደ ቀኝ እንዲዞርና ከሳንቃው መድረክ ጋር እንዲጋጠም አዘዙ። የበረንዳው ጉዳይ «በቀጣይ» ተባለ። እንግዳው ወጡ፣ ሪባን ቆረጡ፣ ስለ አካል ጉዳተኞች ሲናገሩ ሳግ ያዛቸው፤ እኔም ከጭቃው ውስጥ ሆኜ አጨበጨብኩ፤ ያኔ ሁለት እጅ ነበረኝ። ሳንቃው ከቤተ ክርስቲያን የተዋሱት ስለነበር ለሐምሌ አቦ ንግሥ ተነቅሎ ተመለሰ። መወጣጫው ግን ሁለት ክንድ ከስንዝር ከፍታ ላይ፣ መሄጃ እንዳጣ ሰው፣ አየር ላይ ቀረ።

አራተኛ፤ በማቆሚያው ውስጥ በቢጫ ቀለም ተከልሎ «ለአካል ጉዳተኛ ብቻ» የሚል ምልክት የቆመበት የመኪና ቦታ አለ። በጉም አምባ መኪና ያለው አካል ጉዳተኛ የለም። በዚያ ቦታ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የምትቆመው የእርስዎ መኪና ብቻ ናት። ጉዳትዎ ከየትኛው ወገን እንደሆነ እኛ ነዋሪዎች ከአክብሮት የተነሳ ጠይቀን አናውቅም።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር መስጠት አቃተኝ፤ ዝም ብዬ ልናገረው።

ነሐሴ አሥራ አምስት ቀን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። መወጣጫውን ከበረንዳው ጋር የማገናኘቱ ሥራ «መቶ በመቶ ተጠናቆ ለአገልግሎት ክፍት» መሆኑን ይገልጻል፤ ከሥሩ ፊርማዎ አለ፣ በፊርማዎ ላይ ክብ ማኅተም አለ። ለፍልሰታ ሱባዔ ገዳም ሰንብቼ ስለተመለስኩ ሥራውን በዓይኔ አላየሁትም። እኔ ደግሞ አንድ በሽታ አለብኝ፤ ከእግሬም የባሰ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ከወረቀት ጋር ስለኖርኩ ማኅተም ያለበትን ነገር አምናለሁ። ያልተማረው ገበሬ ሁሉ በእንጨት ነካ ነካ አድርጎ ካላየ የማይረግጠውን፣ እኔ ማኅተም አይቼ እረግጣለሁ።

ነሐሴ ሃያ ቀን ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ጉሙ የገዛ እጅን እንኳ አያሳይም ነበር። ሌላ ጊዜ ከጭቃው ወደ በረንዳው የሚያወጣኝ የገብስ ኬሻ ተሸካሚው አስፋው ነው፤ መጀመሪያ ጋሪዬን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ ሐሙስ ሐሙስ ወደ መሐል ሜዳ ሐኪም ቤት የሚመላለሱ አንዲት ጉልበታቸው የያዛቸው አሮጊት መነኩሲትን አዝሎ ያወጣል። መነኩሲቷ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ተቀምጠው የሚቀጥለውን ሚኒባስ ይጠብቃሉ፤ በአስፋው ጀርባ ላይ ሲሆኑ ከኀፍረት የተነሳ ፊታቸውን በቆባቸው ይሸፍናሉ። ያን ቀን ግን አስፋውን «ከእንግዲህ እኔን ከመሸከም ገላገሉህ» አልኩትና ጋሪዬን ወደ መወጣጫው አዞርኩ። በእጄ እየዘወርኩ ወጣሁ። ቁልቁለት ሳይሆን ዳገት በራሴ ጉልበት ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር፣ ዳዊት እየደገምኩ ነበር የምወጣው። ከዚያ የፊቱ ጎማ የሚረግጠው አጣ።

ባና፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ፣ የምትሸጠው አረጋሽ ጩኸቴን ሰምታ ደረሰች፤ ከሥሬ ጋሪዬን፣ ከላዬ ከጠርዙ የተናደውን ድንጋይ አንስታ፣ እጄን በነጠላዋ አሰረችልኝ። እርስዎን የሰደበችበትን ቃል እዚህ አልጽፈውም፤ ካስፈለገዎ ራሷን ይጠይቋት፣ አትደብቅም። ወጌሻው አጥንቱ ጠምሞ እንደገጠመና ብዕር እንደ ድሮው እንደማይጨብጥ ነግሮኛል። ክቡር ሆይ፣ እግር የሌለው ሰው እጁ ምን እንደሆነለት ለእርስዎ ማስረዳት አልችልም። እንጀራዬ እሱ ነበር። ሌሊት ሲጠዘጥዘኝ አልቅሻለሁ፤ ቂም ይዤብዎታለሁ፤ ይህንንም ለነፍስ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ ለመተው ግን ገና አልወሰንኩም።

እርስዎም ዝም አላሉም። መስከረም ሃያ ቀን ከመሥሪያ ቤትዎ ሁለት ደብዳቤ በአንድ ፖስታ ደረሰኝ። የመጀመሪያው በጋሪዬ ጎማ «የመሠረተ ልማቱን ጠርዝ በመሸረፍ» በመንግሥት ንብረት ላይ ስላደረስኩት ጉዳት በሦስት ቀን ውስጥ መልስ እንድሰጥ ያዝዛል። ሁለተኛው የመወጣጫው «ዋነኛ ተጠቃሚ» መሆኔን ያበሥረኝና፣ የመጀመሪያው ምዕራፍ በሚገባ መጠናቀቁን በፊርማዬ እንዳረጋግጥ ቅጽ ያያይዛል። የአካል ጉዳተኞች ማኅበር መታወቂያ ያለኝ በከተማው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ያለ እኔ ፊርማ የሁለተኛው ምዕራፍ በጀት አይለቀቅም። ቅጹን ያመጣው ሠራተኛዎ ጨዋ ልጅ ነው፤ ካልፈረምኩ የበረንዳው ቦታዬ «ለተደራጁ ወጣቶች» ሊሰጥ እንደሚችል ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ ነው።

በሩብ ዓመቱ ግምገማም ተነስተው ራስዎን እንደሄሱ ሰምቻለሁ፤ እንደ ልማዴ ከመስኮቱ ሥር ነበርኩ። በመወጣጫው ላይ «መጠነኛ የክትትል ክፍተት» እንደነበረብዎ በድፍረት አመኑ፤ ቤቱም አጨበጨበ። ሁለት ክንድ ከስንዝሩን ክፍተት ማለትዎ ከሆነ እኔ በአካል ለክቼዋለሁ፤ መጠነኛ አይደለም።

ስለ ቅጹ መልሴ ይኸው ነው። አልፈርምም። ባንክም ሆነ ፍርድ ቤት የሚያውቀው ፊርማዬ የቀኝ እጄ ነው፤ እሱን እርስዎ መወጣጫ ሥር አስቀርተውታል። ግራ እጄ ስምዎን መጻፍ እንጂ ለእርስዎ መፈረም አልተማረም። ቦታዬን ለወጣቶቹ ከሰጡ ጠረጴዛዬን ከመወጣጫው ጫፍ ሥር፣ ከወደቅሁበት ላይ እዘረጋለሁ፤ ባለጉዳይ ሁሉ እኔን ፍለጋ ሲመጣ ቀና ብሎ ሥራዎን ያያል። ጃንጥላ የሚይዝልኝ የለም፤ መወጣጫው ግን ቢያንስ ለዝናብ ይሆነኛል፤ ለዚህ አገልግሎቱ ከልብ አመሰግናለሁ።

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ጉልበትዎ እስኪከዳዎ፣ ከሚኒባስ ለመውረድ የሰው ጀርባ እስኪለምኑ ድረስ ያርዝመው፤ ያን ቀንም የሚቀበልዎ እንደ እርስዎ ያለ ሥራ አስኪያጅ ይስጥዎ ብዬ የምመርቅ፣

አክባሪዎና ዋነኛ ተጠቃሚዎ
ዓምደ ሚካኤል ተገኘ
ማመልከቻ ጸሐፊ (በግራ እጅ)

ግልባጭ፦
ለሰኔ 29ኙ የክብር እንግዳ፤ ጫማቸው ንጹሕ እንደሆነ ተስፋ በማድረግ
ለወይዘሮ አረጋሽ፤ ማንበብ ስለማይችሉ ድምፅ ከፍ ተደርጎ የሚነበብላቸው

ማስታወሻ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአንዲት ባለጉዳይ ማመልከቻ አያይዣለሁ። ባለጉዳይዋ ከላይ ያነሳኋቸው መነኩሲት፣ እማሆይ አመተሥላሴ ናቸው። ሚኒባሱ ሲያወርዳቸው እጃቸውን ይዞ እስከ በረንዳው የሚያደርሳቸው አንድ ሰው እንዲመደብላቸው ይለምናሉ። ሦስት ሐሙስ ቢሮዎ ደጃፍ ቆመው ስብሰባ ላይ ነዎት ተብለው ተመልሰዋል። ጥበቃዎቹ ማን ልበል ሲሏቸው፣ የተቀዳደደው ልብሳቸው እንዳያሳፍርዎ ብለው፣ እናትዎ መሆናቸውን አልተናገሩም። የተጠየቀውን በግራ እጄ ያለ ዋጋ ጻፍኩላቸው፤ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ከስምዎ በፊት «ክቡር» የሚለውን እንዳልረሳ ሁለት ጊዜ ያሳሰቡኝ እሳቸው ናቸው።