የብርድ መድኃኒት

የምወድህ ታደሰ፣

ከተለየኸን ዓመት አለፈ። እኛ ደህና ነን፣ ጌታ ይመስገን። ሰፈራችን ሲቀላ እንደተውካት ናት፤ ባጃጁ ብቻ በዝቷል። ልጃችን ማርታ ቁመቷ እኔን ሊያልፍ ምንም አልቀረው። የሽመና ዕቃህን አልሸጥኩትም። ጀምረህ የተውከውን የዱንጉዛ ጨርቅ ሸማኔው ጎረቤታችን ጨረሰልን፤ ቀዩን ትንሽ አብዝቶበታል፣ ብታየው ፊትህን ታጠቁር ነበር።

እግርህን ሲቆረጥምህ የነበረበት ጊዜ ትዝ ይልሃል? ቀኑን ሙሉ የሽመናው ጉድጓድ ውስጥ ስለሚውል ብርድ ገብቶበታል ተባለ፤ አንዱም ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ መከረህ። እኛ ቤት መጠጥ ነውር ነው፤ መድኃኒት ግን ማን ይከለክላል? ሰው በሙቀት በሚቀልጥበት ከተማ ምን ዓይነት ብርድ ነው ብዬ ሳሾፍብህ ትስቅ ነበር። በጠርሙሱ ክዳን የጀመርከው በስኒ ሆነ፣ ከስኒም ወደ ብርጭቆ አለፈ። ጠዋት ጠዋት እጅህ እየተንቀጠቀጠ ድሩ ይበጠስብህ ጀመር። እሱንም ብርድ ነው አልክ።

ዓይንህ ቢጫ ሲሆን የወፍ በሽታ ነው ብለን የቅጠል ጭማቂ ስናጠጣህ ከረምን። ሆስፒታል የደረስነው ሆድህ ካበጠ በኋላ ነው። ሐኪሙ ትጠጣለህ ወይ ብሎ ሲጠይቅህ አማኝ ነኝ አልከው። አልዋሸህም፤ አረቄውን መጠጥ ብለህ ቆጥረኸው አታውቅም። ጉበትህ ግን ቆጥሮታል። በቀብርህ ቀን የሕይወት ታሪክህ ሲነበብ ባደረበት ሕመም ተባለ፤ ሁላችንም አረቄውን ሳናነሳ ቀበርንህ።

ከለቅሶው በኋላ ታናሽ ወንድምህ ጴጥሮስ ለሐዘኑ ብሎ ከዚያው መድኃኒት መቅመስ ጀመረ። የሚነዳውን ባጃጅ ከነተሳፋሪው ቦይ ውስጥ የገለበጠ ቀን ሰው ባይጎዳም ነፍሴ ልትወጣ ደረሰች። ዘመዶችህ መንገዱ ነው የከፋው እያሉ ሲያባብሉት መታገሥ አልቻልኩም። ሁሉም በተሰበሰበበት ተነስቼ አንተን የገደለህ አረቄ መሆኑን ተናገርኩ። የሟች ስም አጎደፍሽ ብለው ተቆጡኝ፤ ጴጥሮስም አኮረፈኝ። ታዴ፣ ስምህን ለማጉደፍ አልነበረም። ሁለታችሁንም መቅበር ስለማልችል ነው።

ባለፈው ሰኞ ጴጥሮስ ራሱ መጥቶ ሆስፒታል አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። ምን ያህል እንደሚጠጣ ለሐኪሙ ምንም ሳይደብቅ ተናገረ፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ አለቀስኩ። ጉበቱ ተጎድቷል፣ ካቆመ ግን ይተርፋል አሉን። ብዙ የለመደ ሰው በራሱ ድንገት ሲያቆምም አደጋ ስላለው፣ ተኝቶ በሐኪም እየታየ ነው። የባጃጁ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ለጊዜው ቢለምነኝም አልሰጠውም።

አንተን አልረሳህም። ማርታ ስለ አባቷ ስትጠይቀኝ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ እየሠራህ ስትዘምር ጎረቤት ሥራውን አቁሞ ይሰማህ እንደነበር፣ ምን ከእኛ እንደነጠቀህም። በትውልድ መንደርህ በኦቾሎ ያለፈውን ልጅነትህን ግን እኔ አላውቀውም። ከማን ጋር እንደተደባደብክ፣ እናታችሁ ምን ብላ ትጠራህ እንደነበር የሚነግራት ጴጥሮስ ብቻ ነው የቀረው። እንዲኖርልን እፈልጋለሁ።

ባለቤትህ አስቴር