የውሉ ባለቤት

ሰኞ

ኮሚቴ! አሁንም ኮሚቴ! ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ ከተባለ ወዲህ ፋብሪካችን ኮሚቴ እንጂ ጨርቅ የሚያመርት አይመስልም። አሁን ደግሞ የደመወዝና የሰዓት ቁጥጥር ሥራችን ደሴ ላለ ኤጀንሲ ሊሰጥ ነው። መሰጠቱ አልቋል፤ የቀረው ውሉን ማን ይምራው የሚለው ነው። ሥራ አስኪያጁ ሦስት መንገድ አስቀመጠልን፦ ሁሉን ለኤጀንሲው ለቀን በወር መጨረሻ ውጤቱን ብቻ ማየት፣ ወይ ከሁለቱም ወገን ጥምር ኮሚቴ ማቋቋም፣ ወይ ከእኛ አንድ ሰው የውሉ ባለቤት ሆኖ እሱ ብቻ እንዲያዝዝ፣ እሱ ብቻ እንዲጠየቅ ማድረግ።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ እኔ ነኝ። ታዲያ ያ አንድ ሰው ማን ሊሆን ነው? ለባሌ ብነግረው «የእኔ ባለቤትነት ሊቀር ነዋ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ማክሰኞ

ስብሰባ። የሒሳብ ክፍሉ ሽማግሌ አቶ ደመላሽ ኮሚቴ ይሁን ብለው ሙጭጭ አሉ። «አንድ ሰው ያዳላል፤ አንድ ሰው ይፈራል» አሉ። እኔ ዝም ልል? «እርስዎ ኮሚቴ የሚወዱት ጥፋትዎን የሚካፈልዎት ሰው ስለሚፈልጉ ነው» አልኳቸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ ሳይቀር ሳቀ። ሽማግሌው አቀርቅረው መነጽራቸውን መጥረግ ያዙ። አላዘንኩላቸውም። ወላሂ ደስ አለኝ።

አንድ ሰው ይምራው ያልኩት የእኔ ሐሳብ አለፈ። የውሉም ባለቤት እኔ!

ረቡዕ

ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ፋብሪካው ስንወርድ ለወርቅነሽ ነገርኳት። የሰዓት ቁጥጥር ሠራተኛችን ናት፤ አብረን ነው ያደግነው፣ ዛሬም ደሴ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በዚህ ሥራ ነው። ኤጀንሲው ከእኛ ሠራተኞች ጥቂቱን ብቻ እንደሚወስድ ከሰማች ጀምሮ ስትባንን ነው የከረመችው። «የምታዢው አንቺ ከሆንሽማ እንቅልፌን ልተኛ» አለችኝ።

«አብሽሪ» አልኳት። ምን ይከብዳል፣ ቃል ነው።

ሐሙስ

ኤጀንሲው ለሰዓት ቁጥጥሩ አንድ ሰው ይበቃኛል አለ። ወይ ወርቅነሽ፣ ወይ ከሐርቡ የመጣችው አዲሷ ባለዲፕሎማ። ልጅቷ ኮምፒውተሩ ላይ እጇ ይበራል። ወርቅነሽ አንዲት ፊደል ፈልጋ እስክታገኝ ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። «ይቺን እንኳ በኮሚቴ ብናያት?» አልኩት። ቀና ብሎም አላየኝ።

«የምን ኮሚቴ? አንቺ አይደለሽ እንዴ ያፈረስሽው? ነገ የመረጥሻትን ስም አምጪ።»

ስወጣ አቶ ደመላሽ በሩ ጋ ቆመዋል። ሁሉን ሰምተዋል። «በርቺ» ብቻ አሉኝ። እኚህ ሰውዬ!

ዓርብ

የልጅቷን ስም ሰጠሁ።

እዚህ እንኳ ልዋሽ? የሰዓት ቁጥጥሩ ከዘገየ ደመወዝ ይዘገያል፤ ደመወዝ ከዘገየ ሠራተኛው ሁሉ የሚጮኸው በእኔ ላይ ነው። ለወርቅነሽ ብዬ አንገቴን አልሰጥም። እሷ ብትሆን ለእኔ ትሰጥ ነበር ወይ? ትሰጥ ነበር። የሚያናድደኝም እሱ ነው።

ቢሮዬ ጠርቼ ነገርኳት። «ኤጀንሲው ነው» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ማን መረጠ?» አለችኝ።

«እኔ።»

ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አላለቀሰችም።

ቅዳሜ

ግማሽ ቀን ሥራ ነበር፤ ብቻዬን ወረድኩ። ተመልሼ ግቢ ስገባ የወርቅነሽ በር ዝግ ነው፤ ከውስጥ ራዲዮ ይሰማል። አላንኳኳሁም። ምን ልላት?

ባሌ «ሄደሽ አናግሪያት እንጂ» አለኝ። ጮኽኩበት። እሱ ምን አጠፋ?

እሑድ

ጠዋት ቧንቧው ጋ ተገናኘን። ስትሰድበኝ የምመልሰውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ጀሪካኗን አንስታ ፈቀቅ አለችልኝ።

«ደኅና አደሩ፣ ወይዘሮ ራህመት? እርስዎ ይቅደሙ፤ እኔ አልቸኩልም» አለች፣ ጮክ ብላ።

እርስዎ! እኔን! ከልጅነቷ ጀምሮ አንቺ ብላ የጠራችኝ፣ ስወልድ ያረሰችኝ ሴት! ባልዲዬን ሞላሁ፤ እሷ እጇን አጣምራ ጠበቀችኝ።

ቤት ስገባ ትንሿ ልጄ ከአልጋዋ ሆና ሰምታ ኖሮ «እማ፣ እንግዳ መጥቷል እንዴ?» አለችኝ።

«ማንም አልመጣም» አልኳት።