አዴ ጫልቱን የገደልኩበት ሳምንት

ሰኞ

ዋሸሁ። ያውም በሰው ሞት።

እጄ ይንቀጠቀጣል ልበል? አይ፣ እሱንም አልዋሽ። እጄ ደህና ነው፣ ፊቴ ነው የሚቃጠለው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዲቴክተር ነው፤ መሬት ላይ ሲያወዛውዙት ከሥር ያለ ብረት የሚጠቁም ማሽን። ክረምቱን ሙሉ በስልኬ ሌላ ነገር አላየሁም። ቦት ጫማ ያደረገ ሽማግሌ የታረሰ ማሳ ላይ ይሄዳል፣ ማሽኑ ጢጥ ይላል፣ ይቆፍራል፣ ጭቃውን በአውራ ጣቱ ሲጠርግ የድሮ ሳንቲም ወይም የኮት ቁልፍ ይወጣል። በቃ። እኔም አማረኝ። ወርቅ አልፈልግም። ግን ሰበታ ውስጥ ማሽን ይዞ ሜዳ ለሜዳ የሚዞር ሰው ወርቅ አልፈልግም ቢል ማን ያምነዋል? የጣሊያን ወርቅ ፈላጊ የሚል ስም ይወጣለታል፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ራሴ የሸበተ የእድር ሰብሳቢ ነኝ፣ የሚስማርና የቀለም ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ ሮማን አንድ ቀን ቪዲዮውን ሳይ አግኝታኝ "ሚስማር ስትሸጥ ውለህ ሚስማር ልትለቅም ነው?" አለችኝና ለጎረቤት ሁሉ አወራችው። ከዚያ ወዲህ መጋዘን ገብቼ ነው የማየው።

አሁን የሚሸጥ ሁለት አገኘሁ። አንዱ ቡራዩ፣ አንዱ ሱሉልታ። ነገ ሁለቱንም አይቼ መምረጥ አለብኝ። ሮማን "ሱቅ ዘግተህ የት ልትሄድ?" ስትለኝ አፌ ቀደመኝ። "ሱሉልታ፣ ቀብር። የኦቦ ቶሎሳ እናት አርፈዋል።" ለቅሶ ነው ላለ ሰው ማንም ለምን አይልማ!

ኦቦ ቶሎሳ ለሱቄ አጠና የሚያመጣልኝ ሰው ነው። ወደ ሱሉልታ ሳይዛወር አጥር ተጋርተን ኖረናል። አባቴ የሞተ ጊዜ እናቱ አዴ ጫልቱ ከሱሉልታ ድረስ መጥተው ሐዘኑ እስኪያበቃ ከሮማን ጎን አልተለዩም። እና ሮማን ራሷን ይዛ አለቀሰች። እኔ አጽናናኋት። እኔ! አብሬህ ልሂድ ስትል ደግሞ "ጉልበትሽን ያምሻል፣ አንቺ ለሣልስቱ ትደርሻለሽ" አልኳት።

ማክሰኞ

መጀመሪያ ቡራዩ። ሻጩ "ኦሪጅናል ነው አባቴ፣ ገና ከካርቶን ያልወጣ" እያለ አወጣው። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጥበቃዎች በየመሥሪያ ቤቱ በር ወገባችንን የሚፈትሹበት ያ ጥቁር ዱላ! ቀበቶዬ ላይ ጮኸ፣ ቁልፌ ላይ ጮኸ። "መሬት ውስጥስ?" ስለው "እንደ መሬቱ ነው" አለኝ። እኔ ግን ያን ሁሉ ቪዲዮ በከንቱ አላየሁም፣ ሳንቲም ይዤ ነበር። ደጁ ላይ ስንዝር እንኳ በማይሞላ ጉድጓድ ቀበርኩትና ዱላውን ከላይ አመላለስኩት። ጭጭ። "ባትሪው ነው" አለ። ሳንቲሜን አውጥቼ ሄድኩ። ጎበዝ! ዛሬ ራሴን የማመሰግንበት ይህ ብቻ ነው።

የሱሉልታው ሌላ ነው። ሻጩ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከወንድሙ ጋር ወርቅ አገር ወርደው ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ማሽኑ ያገለገለ ነው፣ እጀታው በፕላስተር ተጠቅልሏል። ግን ከታች ክብ ሳህን አለው፣ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫም አለው። "ለጀማሪ ይበቃሃል" አለኝ። "ቀይ አፈር ላይ ዝም ብሎ ይጮሃል። ያኔ ይህቺን ማዞሪያ ወደ ግራ መለስ አድርጋት።" ሳሩ ላይ አወዛወዝኩት። ጢጥ! ተንበርክኬ በጣቴ ቆፈርኩ። የቢራ ቆርኪ። እንደ ሕፃን ሳቅኩ። አስቤ እደውልልሃለሁ ብዬው ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ሮማን ጥቁር ለብሳ ትጠብቀኛለች። "ቀብሩ እንዴት ነበር?"

"ጥሩ ነበር" አልኩ። ቀብር ጥሩ ነበር!

ጥፍሬ ውስጥ ያለውን ጭቃ አየችና "አንተም አፈር አለበስካቸው? ተባረክ" አለችኝ። የቆርኪው ጭቃ ነው። ምን ይዋጠኝ።

ረቡዕ

ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሰው ሱቅ እየገባ "እግዜር ያጽናህ" ይለኛል፣ እኔም "አሜን" እላለሁ። ሮማን የእድሩን ሴቶች ሰብስባ ምግብ እያሰናዱ ነው። ለነገ ሚኒባስ ይዘዋል። መንገድ ይዘጋል ይላሉ ብላት "ለእሳቸው በእግሬም እሄዳለሁ" አለች። ደንግጬ ለቶሎሳ ደውላ እንደሆነ ስጠይቃት ደግሞ "ሐዘን በስልክ ይደረሳል እንዴ? ነውር አይደለም?" ብላ ተቆጣችኝ።

ከሰዓት ስልኬ ጠራ። ኦቦ ቶሎሳ! ሮማን አጠገቤ ናት። ዘጋሁት። ኋላ መጋዘን ገብቼ ስደውል ስልኩ አይሠራም። ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ ሽንኩርት እየላጠች ስታለቅስ አየኋትና መልሼ ዘጋሁት። ሽንኩርቱ ይሁን አዴ ጫልቱ አላውቅም።

ይባስ ብሎ መሀል መሀል ላይ የማስበው ስለዚያ ክብ ሳህን ነው። ትልቁ ይሻላል ወይስ ትንሹ? እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።

ሐሙስ

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ በጠዋቱ ጠራ።

ሚኒባሱ ሙሉ ነው። ሰብሳቢ ነኛ፣ ከፊት አስቀመጡኝ። ቡራዩ ስንደርስ እናገራለሁ አልኩ። ቡራዩ አለፈ። ሱሉልታ ሳንገባ አልኩ። ገባን። ሴቶቹ ከመኪናው ሳይወርዱ ለቅሶውን ለቀቁት፣ የሮማን ድምፅ ከሁሉም በላይ ነው።

አዴ ጫልቱ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ምስር ይለቅማሉ።

ጥቁር የለበሰ ሰው በማለዳ እያለቀሰ ግቢ ሲገባ ምን ማለት ነው? መርዶ ነው! ስንት ቤት መርዶ ይዤ የገባሁ ሰውዬ ይህን እንዴት አላሰብኩትም? ቶሎሳ አጠና ሊጭን ሌሊት ወጥቷል። እናቱ ሰፌዱን ጣሉት። "ኢልማኮ! ልጄን! ቶሎሳዬ ምን ሆነ?" ብለው ደረታቸውን መቱ፣ ምስሩ ላይ ወደቁ።

ሮጬ እግራቸውን ያዝኩ። "ቶሎሳ ደህና ነው! ቶሎሳ አልሞተም! የሞቱት እርስዎ ነዎት!"

ለቅሶው ቀጥ አለ። እዚያው ተንበርክኬ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ዲቴክተሩን፣ ቡራዩን፣ ቆርኪውን። አዴ ጫልቱ አልሰሙኝም። የሚፈልጉት የልጃቸውን ድምፅ ነው። ደግነቱ ዛሬ ስልኩ ሠራ። እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ ስልኩን ጆሯቸው ላይ የያዘችላቸው ሮማን ናት። ያ እጃቸው ከዓይኔ አይጠፋም።

ሲረጋጉ "ለእኔ ነው ይህ ሁሉ ለቅሶ? ማን ነው አብልጦ ያለቀሰልኝ?" አሉ። ሴቶቹ ሮማንን አሳዩዋቸው። አገላብጠው ሳሟት። "በሉ ግቡ፣ ምግቡ አይበላሽ። የቁም ተዝካሬ ነው" አሉ። ሴቶቹ እየሳቁ ገቡ። እኔ በር ላይ ስቀር ጠርተው አጎረሱኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

ሮማን ከራት በኋላ "ማሽን ልግዛ ብትለኝ ምን የምልህ መስሎህ ነው?" አለች።

"ትስቂብኝ ነበራ።"

"አዎ፣ እስቅብህ ነበር። ከዚያ ትገዛው ነበር።"

ለዚህች ሳቅ ብዬ ነው እኚያን ሴትዮ የቀበርኩት?

የሱሉልታው ሰውዬ ደወለ። ወሰንክ ወይ ይላል። ወስኛለሁ። የእሱ ነው የሚሻለው፣ ጥርጥር የለውም። ግን በየትኛው ዓይኔ ሱሉልታ እገባለሁ? ለሌላ ሽጠው አልኩት። ቆጨኝ፣ መቆጨቴም አሳፈረኝ።

እሑድ

ጋሽ ደምሴ አረፉ፣ የታችኛው ሰፈሩ። ብዙ ጊዜ ታመው ነበር። ወንድማቸው መጥቶ ነገረኝ፣ እኔም እንደ ደንባችን ወደ ጥሩምባ ነፊያችን ወደ አያሌው ሄድኩ። "ጋሽ ደምሴ አርፈዋል፣ ንፋ" አልኩት።

አያሌው ጥሩምባውን አነሳ። አየኝ። መልሶ አስቀመጠው። "ቆይ፣ እኔው ደርሼ ልምጣ" አለ።

ክፉ አልተናገረም፣ ድምፁንም ከፍ አላደረገም። ደጁ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ሬሳውን አይቶ ተመለሰ፣ ዓይኔን ሳያይ ጥሩምባውን ይዞ ወጣ። ምን ይፈረድበታል? እኔም ብሆን ይህን ሰውዬ አላምነውም።

ልብስ ልቀይር ቤት ገባሁ። ሮማንን "ጋሽ ደምሴ አርፈዋል፣ ለቅሶ ልሂድ" አልኳት። ጥሩምባው ውጭ ይሰማል። እሷ ግን ነጠላዋን አንስታ ጫማዋን ማጥለቅ ጀመረች።

"ከእንግዲህ ለቅሶ ብቻህን አትሄድም" አለች።

ተከተልኳት።