የቱዋን ድምፅ

ሰኞ፣ ማርች 2፣ ጠዋት
ዛሬም ያችው ዓረፍተ ነገር። ኮምፒውተሩ አሁንም ያበላሻታል። በቬትናምኛ «ኘ» ሽቅብ ሲባል መናፈቅ ነው፤ ቁልቁል ሲባል ውለታ መጠየቅ። «ናፍቀሽኛል» በል ስለው ውለታ ይለምናል። ሥራዬ ይኼው ነው ማስታወሻዬ፤ ማሽን ቬትናምኛ እንዲያነብ ማስተማር። ድምፁ የቱዋን ነው። እዚሁ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ሁለት ወር ሲቀዳ እኔ ከመቅጃ ክፍሉ መስታወት ወዲህ፣ ፊት ለፊቱ ነበርኩ። ከዚያ እናቱ ታመመችና ሀኖይ ተመለሰ። ስምንት ወር። አልጻፈም። እኔም አልጻፍኩም። ግን ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ያወራል።

ረቡዕ፣ ማርች 4
ቻምብሊ ሄድኩ፣ ቬትናሞች የሚበዙበት ሰፈር። ፓርኪንግ ፍለጋ ሃያ ደቂቃ ዞርኩ። ሚስስ ላን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የማሽኑን ንባብ እየሰሙ ስህተቱን ይነግሩኛል። ያችን ዓ/ነገር ሰምተው ሳቁ። ቱዋን ራሱ ያነበበውን ሳሰማቸው ግን አልሳቁም። ድገሚው አሉኝ።
«ይህን ሲያነብ ከፊቱ ማን ነበር?»
ወረቀት፣ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ ነው ትዝ ያለኝ፤ ከመስታወቱ ወዲህ ከፊቱ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ ማርች 6፣ ከሰዓት
አለቃዬ ጠራችኝ። ቱዋን ድምፁ እንዲሠራበት የፈረመው ውል ሊያልቅ ነው። ካላደሰ የቀዳነው ድምፅ ይሰረዛል። አንቺ ጻፊለት አለች። ጻፍኩ። ሦስት መስመር፣ ደረቅ እንግሊዝኛ። ሴንድ አደረግኩ።
ይኼኛው ላንተ ብቻ ነው ማስታወሻዬ፦ ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ ያችው ዓረፍተ ነገር ላይ ስሜን አስገባሁ። «ሕሊና፣ ናፍቀሽኛል።» ማሽኑ አለው። በቱዋን ድምፅ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሳሳት! ስድስቴ ሰማሁት። ከዚያ አፈርኩ። ከሰው አፍ መስረቅ አይደለም እንዴ? አጠፋሁት።

ማክሰኞ፣ ማርች 10
መልስ መጣ። አይፈርምም። ሰርዙት ይላል። ከሥር ሌላ መስመር አለ፦ «እናቴ ካረፈች ሦስት ወሯ። አንድ ቃል ሳትጽፊልኝ ከርመሽ ለፊርማ ፈለግሽኝ?»
አላወቅኩም ነበር። ግን መቼ ጠየቅኩና።
የዛሬውን ሚቲንግ ካንሰል አደረግኩ።

ረቡዕ፣ ማርች 11
የድምፁን ፋይሎች ሌላ ሰው እንዲነካቸው አልፈለግኩም። ራሴ ሰረዝኳቸው። የመጨረሻው ሲሄድ ሄድፎኑን እንዳደረግኩ ነበርኩ። ጸጥ።
ከእራት በኋላ ደወልኩ። ሀኖይ ነግቷል። አነሳ። ስለ እናቱ ይቅርታ ጠየቅኩት። ማሽኑን ያስባልኩትንም ነገርኩት፤ ስሜን፣ ስድስቴ መስማቴን፣ ሁሉንም።
«ብትጠይቂኝ እኮ ራሴ እልሽ ነበር» አለኝ።
አሁን እየጠየቅኩህ ነው አልኩት። እሱም በራሱ አፍ አለኝ፦ «ሕሊና፣ ናፍቀሽኛል።»
ከዚያ አንድ ሰዓት አወራን፤ ስለ እናቱ፣ ባዶ ስለቀረው ቤት። ነገ ጠዋት የኤፕሪል ፈቃድ እጠይቃለሁ። የሀኖይ ቲኬት እቆርጣለሁ። ለእማዬ ምን እንደምላት አላውቅም፣ ግን እሄዳለሁ።