አርባ አንድ ታንከር ውሃና አስራ አምስት ሜትር ሽቦ፦ የአባ ጠብታ የሕይወት ታሪክ

ወንድማችን በየካቲት ወር 1947 ዓ.ም. ከቧንቧ ሠራተኛው አባታቸውና ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው፣ ከከተማ ዳር ባለች ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ናቸው። የመጨረሻዋ ይህን የምጽፈው እኔ እህታቸው ነኝ። በመካከላችን አስራ ስድስት ዓመትና ሦስት ወንድሞች አሉ፤ ሦስቱም "አንቺ ጻፊው፣ ምላስሽ ይበቃል" ብለው እጃቸውን ሰብስበዋል። እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። መሥሪያ ቤታቸው የተተየበ ወረቀት ልኮልን ነበር። ያማረ ወረቀት ነው፤ ግን ከላይ እስከ ታች ፈልጌ ሰውዬውን አላገኘኋቸውም። መልሼ ላክሁት።

አባ ጠብታ የተባሉት በሰባት ዓመታቸው ነው። አባታችን የሰው ቧንቧ ሲጠግኑ ውለው ይገባሉ፤ የገዛ ቤታቸው ቧንቧ ግን ጠብ ጠብ ይላል። ልጁ ጠብታዋ አላስጠና ብትላቸው የአባታቸውን መፍቻ አንስተው ገቡበት። በመጀመሪያው ቀን ቤቱን አጥለቀለቁት፤ በሁለተኛው ቀን አዳኑት። ከዚያ ወዲህ በሄዱበት ቤት ቧንቧ ካንጠባጠበ ሳያጠብቁት አይቀመጡም ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም ሰው ሊጠይቁ ገብተው፣ ጠግነው፣ ሰውዬውን ሳይጠይቁ ወጥተዋል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1965 ዓ.ም. ከሙያ ትምህርት ቤት በቧንቧ ሥራ ተመረቁ። በ1966 ዓ.ም. በከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ሃያ ሁለት ዓመት በቅንነት አገለገሉ።

በ1988 ዓ.ም. በመሥሪያ ቤቱ ሰሌዳ ላይ "ውሃ ለሃያ ዓመት ሳይበላሽ ማቆየት የሚችል ባለሙያ ይፈለጋል" የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሌላው ሠራተኛ ስቆ አለፈ። እሳቸው ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡትና በማግስቱ አመለከቱ። በዚህ ዓይነት የጠፈር ጨረር መለኪያ ጣቢያው የታንከር ኃላፊ ሆኑ።

ብዙዎቻችሁ ስለ ሥራቸው ስትጠየቁ "ከሰማይ የሚወርድ ነገር ይጠብቃሉ" ብላችሁ ታልፉ ነበር። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ግን ሃያ ዓመት ሲነግሩኝ ኖረዋልና እንደገባኝ ልጻፈው። ከሩቅ ጠፈር በዓይን የማትታይ ቅንጣት እየበረረች ትመጣለች። ላይ አየሩን ስትመታ ትሰባበራለች፤ ስብርባሪዋ ሌላውን እየሰበረ፣ መሬት ሲደርስ ሜዳ ሙሉ ካፊያ ይሆናል። ካፊያው አያረጥብም፣ ድምፅም የለው። አሁን በተቀመጣችሁበት እያለፈባችሁ ነው፤ አትደንግጡ። በንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ግን ሰማያዊ ብልጭታ ይሰጣል። ስለዚህ በአንድ ሰፊ ሜዳ ላይ አርባ አንድ ታንከር ተተከለ። አንዱ ከሌላው አንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል። እያንዳንዱ አስራ ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ በጥቁር ከረጢት ውስጥ ይዟል፤ ከላዩ ብልጭታዋን የሚጠብቅ የመስታወት ዓይን፣ ሰዓት፣ ሰዓቱን ከሳተላይት የሚያስተካክል አንቴናም አለው። ብልጭታው ምን ያህል እንደሆነ ታይቶ የቅንጣቷ ጉልበት ይሰላል። የትኛው ታንከር ቀድሞ እንዳየ ታውቆ ደግሞ ከየት አቅጣጫ እንደመጣች ይደረስበታል። ትንንሾቹ ሁልጊዜ ይመጣሉ። ትልቋን ግን ሰው ዕድሜ ልኩን ጠብቆ ላያያት ይችላል፤ ሜዳው የሰፋውም እሷ እንዳታመልጥ ነው።

ወንድማችን በሞተር ብስክሌታቸው እየዞሩ ውሃውን ይፈትሻሉ፣ ባትሪ ይቀይራሉ፣ ንብ ከሳጥን ያስወጣሉ። ላሞች ታንከሩን ለነሱ የተተከለ ማከኪያ አድርገው ቆጥረውት ነበርና የተጣመመ አንቴና ሲያቃኑም ይውላሉ። እናታችን ግን ዕድሜያቸውን በውሃ ሲታገሉ የኖሩ ሴት ስለሆኑ ነገሩ አልዋጥላቸው አለ። "ልጄ ውሃ ጠባቂ ሆነ፤ ውሃው አይጠጣ፣ አይታጠብበት፣ አይታይ! ምን በድዬ ነው?" ይሉ ነበር።

የጣቢያው ኃላፊ ረጅሙ ዶክተር ናቸው። ዶክተርነታቸው የጠፈር ነው። ቤታችን መጀመሪያ የመጡ ቀን ግን እናታችን ዶክተር መቼም ዶክተር ነው ብለው የሚያማቸውን ጉልበት አሳዩአቸው። ሰውዬው ማሳፈር ከብዷቸው ጎንበስ ብለው አዩና "ሙቅ ውሃ ይያዙበት" አሉ። ተሻላቸው። ከዚያ በኋላ ረጅሙ ዶክተር በሰፈራችን ባለፉ ቁጥር አንድ ወገቡን የያዘ ሰው አያጡም ነበር።

በ1989 ዓ.ም. የከተማው ውሃ አስራ አንድ ቀን ጠፋ። እኔ ሁለት ጀሪካን ይዤ ሜዳው ድረስ ሄድኩ።

"ጋሼ፣ እነዚህን ብቻ ይሙሉልኝ።"

"አይሆንም።"

"አስራ ሁለት ሺህ ሊትር ላይ ተቀምጠው?"

"ከተከፈተ ብርሃን ይገባል። ብርሃን ከገባ ዓይኑ ይታወራል።"

"የኔ ልጆችስ? እነሱ ዓይን የላቸውም?"

ጀሪካኖቹን ተቀብለውኝ ሞተራቸው ላይ አስረው ከተራራው ሥር ካለው ምንጭ ቀድተው አመጡልኝ። አስራ አንዱንም ቀን ለእኔና ለሦስት ጎረቤቶቼ ተመላለሱ። እኔ በበኩሌ ሦስት ሳምንት አላናገርኳቸውም። ውሃውን ግን ተጠቅሜበታለሁ።

በ1990 ዓ.ም. በታንከር ቁጥር ዘጠኝ ውስጥ ብርሃን እየሰረገ አስቸገረ። ከረጢቱን የሰፉት በድንኳን ፋብሪካ የሚሠሩ ልብስ ሰፊ ሴት ነበሩ። ሁለት ጊዜ ተመለሰባቸው። በሦስተኛው "የኔ ስፌት ብርሃን አያሳልፍም፤ ዓይናችሁን ታከሙ" ብለው መርፌያቸውን ይዘው ራሳቸው መጡ። ውሃው ተቀዳና እሳቸውና ወንድማችን ሁለቱ ባዶው ታንከር ውስጥ ገቡ፤ ክዳኑ ተዘጋ፤ በጨለማ ብርሃን የሚገባበትን ነጥብ ፍለጋ ያዙ። አንድ ሰዓት ተኩል ቆዩ። ሲወጡ ዘበኛው "ምን አገኛችሁ?" ቢሏቸው ሁለቱም እኩል "ምንም" አሉ። ወሬው እናታችን ጋ ሲደርስ "አንድ ሰዓት ተኩል ተቀምጠው ምንም ካሉ ቶሎ ይጋቡ" ብለው ፈረዱ። ወንድማችን በአርባ ሦስት ዓመታቸው ትዳር መሠረቱ። ብርሃኑ ይገባ የነበረው በስፌቱ ሳይሆን በክዳኑ ላስቲክ እንደሆነ ኋላ ታወቀ። ላስቲኩ የወንድማችን ሥራ ነበር፤ ባለቤታቸውም ይህን ሳያስታውሷቸው ያለፉበት ዓመት የለም። በ1991 እና በ1994 ዓ.ም. ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ደረስኩ። በቀብር ላይ የሟች ጥፋት አይነበብም ያላችሁኝ ዘመዶች እውነታችሁን ነው፤ እኔም ብዬአቸዋለሁ። እሳቸው ግን "ይነበብ" ብለው አስምለውኛል።

በግንቦት ወር 2001 ዓ.ም. ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ትልቋ መጣች። ዘጠኝ ታንከር በአንድ ጊዜ አየ። ጣቢያው ከተከፈተ ጀምሮ የሷን ያህል ጉልበት ተለክቶ አያውቅም። ረጅሙ ዶክተር ኮሪደሩን በካልሲ ሮጡበት፤ ጫማቸው ጠረጴዛቸው ሥር ተገኘ። አቅጣጫዋ ሲሰላ ከአንድ የታወቀ የከዋክብት ክምችት መጣች ተባለ። ጋዜጣ ጻፈው። የዚያ የከዋክብት ክምችት ፎቶ በትልቁ ታትሞ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ዶክተሩ ለትልቅ ሹመት ታጩ። ወንድማችንም ከታንከር ቁጥር ሃያ ሦስት ጎን ቆመው በአራተኛው ገጽ ላይ ወጡ፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል እንጂ ደህና ፎቶ ነበር።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ዶክተሩ ለጎብኚዎች ሲያስረዱ "የሁሉም አንቴና ሽቦ እኩል ሦስት ሜትር ነው፤ ቢረዝም ምልክቱ ይዘገያል፣ ሰዓቱም ይሳሳታል" አሉ። ወንድማችን የውሃ ናሙና ይዘው ከኋላ ቆመዋል። ናሙናውን እዚያው አስቀምጠው ወጡ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የታንከር ሃያ ሦስትን ሽቦ አይጥ በልቶት ነበር። የተላከላቸው አዲስ ሽቦ አስራ ስምንት ሜትር ነው። አባታችን "የተቆረጠ ቧንቧ አይረዝምም" እያሉ ነው ያሳደጓቸው፤ ስለዚህ አልቆረጡትም። ትርፉን አስራ አምስት ሜትር በደንብ ጠቅልለው፣ ሦስት ቦታ አስረው፣ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጡት። መዘግየቱ የዓይን ርግብግቢት ሚሊዮን ቦታ ተከፍሎ አንዱን እንኳ አያህልም። ሃያ ሦስት ደግሞ ከዘጠኙ መካከል መሐል ላይ ያለው ነው።

ያን ቀን ቤቴ መጡ። የወጥ ቤቴ ቧንቧ ያንጠባጥብ ነበር። አልተነሱም። የፈራሁት ያኔ ነው። ነገሩን ሲነግሩኝ፣

"ማን አየዎት?" አልኳቸው።

"ማንም።"

"እንግዲያው ቆርጠው ይጣሉትና ዝም ይበሉ! ዶክተሩ ሊሾሙ ነው። ወዳጅዎን አፈር ሊያስግጧቸው ነው?"

"ዝም ካልኩ ያልመጣችበትን ቦታ መጣችበት ብለው ሲያስተምሩ ይኖራሉ።"

"በአስራ አምስት ሜትር ሽቦ?"

"ውሃ የሚያልቀው በትልቅ ቀዳዳ ሆኖ ያውቃል?" አሉኝ።

እኔ ዝም ይበሉ ባይ ነበርኩ። ዛሬም ከዚህ ሐሳቤ ብዙ አልተናወጥኩም፤ ሰው አንዳንዴ ዝም ቢል አይሞትም።

በማግስቱ ጥቅሉን ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። "ከሃያ ሦስት ነው። እኔ ነኝ ያስገባሁት" አሉ። ዘጠኝ ቀን እንደገና ተሰላ። የቅንጣቷ ጉልበት አልተነቃነቀም። አቅጣጫዋ ግን በሰማይ ላይ የጨረቃን ስፋት ያህል ፈቀቅ አለ፤ ፈቀቅ ያለችበት ቦታ ደግሞ ምንም የለም፣ ባዶ ነው። ዶክተሩ "ከየት እንደመጣች አይታወቅም" ብለው በገዛ እጃቸው ለጋዜጣው ጻፉ። ፎቶው ወረደ፣ ምስማሩ ቀረ፣ ሹመቱም ለሌላ ሰው ሆነ።

ዶክተሩ አራት ወር ወንድማችንን አላናገሯቸውም። ቢሯቸው ፊት ለፊት ነው። "የአስራ ሁለት ባትሪ ይቀየር" የሚል ወረቀት በበር ሥር ይገባል፤ "ተቀይሯል" የሚል ወረቀት በዚያው ይመለሳል። ወንድማችን በነዚያ ወራት ስምንት ኪሎ ቀነሱ። ሥራቸውን እንዳያጡ አልነበረም የፈሩት። ሰውዬውን ነው ያጧቸው።

ይህን ለዶክተሩ ባነብላቸው የወረቀቶቹን ነገር ከጽሑፉ አውጪልኝ አሉኝ። አላወጣሁም። "እንግዲያው በአምስተኛው ወር የመጀመሪያ ቀን እኔ መሄዴንም ጻፊ" አሉ። እውነት ነው፣ ሄደዋል። የመለኪያ ሜትር ይዘው በር ላይ ቆሙና "ሁሉንም ሽቦ እንለካ፤ እርስዎ ጫፉን ይያዙ፣ እኔ ላንብብ" አሏቸው። ሁለት ሳምንት ሜዳ ለሜዳ ለኩ። ከአርባ አንዱ አንድ ሌላ የተሳሳተ ሽቦ ተገኘ፤ ታንከር ቁጥር ሁለት፣ አራት ሜትር። ወንድማችን ከመቀጠራቸው በፊት ዶክተሩ በገዛ እጃቸው የገጠሙት ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁን ሲለቁት ሲታከኩ የነበሩት ላሞች በርግገው እስከ መንገዱ ድረስ ሮጡ።

በ2007 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። ቢሆንም በሳምንት ሁለት ቀን ከዶክተሩ ጋር ሜዳውን መዞር አልተዉም።

በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የልብ ድካም ጠናባቸውና ሆስፒታል ገቡ። ዶክተሩ በየሐሙሱ ይመጣሉ። ወንድማችን ሰላምታ ሳያስቀድሙ "መጣች?" ይላሉ፤ ከዚያኛዋ የምትበልጠውን ማለታቸው ነው። "አልመጣችም" ይባላሉ።

በመጨረሻው ሐሙስ ሐኪሙ ተስፋ እንደሌላቸው ነግሮኝ ነበርና ዶክተሩን ደረጃው ላይ ጠብቄ ያዝኳቸው። "ዛሬ መጣች ይበሏቸው። ደስ ብሏቸው ይሂዱ። ምን ይጎድልብዎታል?" ብዬ ለመንኳቸው። ግድግዳውን ተደገፉ። "እሺ" አሉኝ። ገባን።

"መጣች?"

ዶክተሩ አፋቸውን ከፈቱ። እኔን አዩ። ወንድማችንን አዩ።

"አልመጣችም።"

ወንድማችን ፈገግ አሉ። "ሰዓቶቹስ?"

"አርባ አንዱም ልክ ናቸው።"

"እንግዲያው ስትመጣ አታመልጣችሁም" አሉና ዓይናቸውን ከደኑ። ከብዙ ቀን በኋላ ያን ከሰዓት በኋላ ሳያቃስቱ ተኙ። እኔ ኮሪደር ላይ ዶክተሩን አፌ እንዳመጣልኝ ተናግሬአቸዋለሁ፤ ዛሬ በሰው ፊት ይቅር ይበሉኝ።

ወንድማችን ቅዳሜ ኅዳር 10 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ሦስት ወንድሞቻቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ረጅሙ ዶክተርም ዛሬ ከቤተሰቡ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ማንም እንዳያስነሳቸው።

ከዚያኛዋ የምትበልጠው ትልቋ ይህ ጽሑፍ እስከታተመበት ቀን ድረስ አልመጣችም። መጣች ብዬ መጻፍ በጣም አምሮኝ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

አምላክ ነፍሳቸውን እውነት መናገር ወዳጅ በማያሳጣበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ልባችንን ይጠግንልን።